የታረደው በግ ሳይበላ ፋሲካ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል ጋዜጦች የበግ፣ የዶሮና የቅቤ ዋጋ ይዘግባሉ። ሰው ለበዓል የሚያወጣውን አውቆ እንዲዘጋጅ ይጠቅማልና ጥሩ ነው። እኛ ጎንደር ውስጥ በአብነት ጉባኤና በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ግን በበዓሉ ስለ ታረደው ስለ ሌላው በግ መጻፍ ፈለግን። አርባ አራቱ ታቦታት ባሉባት ከተማ ሰው ለቅዳሴ አይጠፋም። ቅጽሩ ይሞላል፣ ጥላው ሥር መቆሚያ ይታጣል። «ሥጋውን ደሙን እንድትቀበሉ ቅረቡ» ሲባል የሚቀርበው ግን ማን ነው? በ40 እና በ80 ቀናቸው የተጠመቁ ሕፃናት፣ ጥቂት ልጆች፣ ከዚያም ምርኩዝ የያዙ አረጋውያን። ከ15 ዓመት እስከ 60 ዓመት ያለው ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል፣ ቅዳሴ ጠበል ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ልማድ አክብሮት ይመስላል። ቁርባን ከተወለደበት ከፋሲካ ሕግ ጋር ሲተያይ ግን አይስማማም።

ሕጉ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ተጽፏል። በጉ በመጀመሪያው ወር በ10ኛው ቀን ይመረጣል። ተባዕት፣ የአንድ ዓመት፣ ነውር የሌለበት ይሁን፤ ከበግ ወይም ከፍየል ቢሆን ግድ የለም። እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ተጠብቆ ይቆይና ሲመሽ ይታረዳል። አራት ቀን የሚጠበቀው ነውሩ እንዲታይ ነው፤ ያነከሰ ወይም የታመመ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ይታወቃል። ደሙ በዕቃ ይቀመጣል፣ የሂሶጵ ቅጠል ተነክሮበት ሁለቱ መቃንና ጉበኑ ይቀባሉ። ደፉ አይቀባም። አባቶች ይህን ሲያመሰጥሩ ደሙ በእግር እንዳይረገጥ ነው ይላሉ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። ደሙ ተቀባ፣ ቀሳፊው አለፈ፣ የግብፅ በኩር ሞተ፣ እስራኤል ዳነ። የሕጉ አብዛኛው ክፍል ግን ስለ መብላት ነው የሚናገረው። ሥጋው በእሳት ይጠበሳል እንጂ ጥሬውን ወይም በውኃ ተቀቅሎ አይበላም። ራሱ፣ እግሩና ሆድ ዕቃው አብሮ ይጠበሳል። ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋር ይበላል። አጥንቱ አይሰበርም፣ ሥጋው ከቤት ወደ ውጭ አይወጣም፣ ያልተገረዘ አይበላውም። እስከ ጠዋት አይደር፤ የተረፈ ካለ በእሳት ይቃጠል። በሉም የተባሉት ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በትራቸውን ይዘው፣ እየቸኮሉ ነው። ቤተሰቡ ለአንድ በግ ካነሰ ከጎረቤቱ ጋር ይሁን ተባለ። ሥጋው በልክ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አፍ እንዲደርስ ነው ይህ ሁሉ የታሰበው። ደሙን በበሩ ቀብቶ በጉን ሳይበላ የሚያድር ቤት በዚያ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም።

በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የበጉን አጠባበስ ጽፎልናል። አንድ እንጨት ከታች እስከ ራሱ ይገባል፣ ሌላው በጀርባው ላይ አግድም ሆኖ የፊት እግሮቹ ይታሰሩበታል። እሳት ላይ ሲወጣ የመስቀል ቅርጽ ይይዛል። ቅዱስ ዮሐንስም ወንጌሉን ሲጽፍ ከዚሁ ከኦሪቱ በግ ዓይኑን አላነሣም። የጌታን ጭን ጭፍሮች እንዳልሰበሩ ይናገርና «ከእርሱ አጥንት አይሰበርም» የሚለውን ጠቅሶ ያስረዳል። ሆምጣጤው የቀረበለትም በሂሶጵ እንደ ነበረ ሳይጽፍ አላለፈም።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ይህ ሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤል ፋሲካን በኦሪቱ ቃል ያከብሩ ነበር። ቄሶቻቸው በጸሎት ቤቱ ቅጥር በጉን ያርዳሉ፣ ሕዝቡ ከቂጣ ጋር ይበላል፣ ሰባት ቀን የቦካ ነገር አይቀመስም፣ ያረጀ የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል። በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ እ.ኤ.አ. በ70 የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ የፋሲካን በግ መሠዋት አቁመው ነበርና በእኛ አገር ያለው ሥርዓት ለተመራማሪዎች ሁሉ አስደናቂ ሆኖ ኖሯል። አብዛኞቹ ዛሬ በእስራኤል አገር ይኖራሉ። ሽማግሌዎቻችን ግን ያ በዓል እንዴት ይከበር እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ልጆች ጠይቀው ቢጽፉት መልካም ነው።

ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የተቀመጠው በዚሁ በዓል ነው። በሉቃስ ወንጌል 22 ይህን ፋሲካ አብሯቸው ሊበላ እጅግ ይመኝ እንደ ነበር ነገራቸው። ምዕራፉን ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ጽዋ ሁለት ጊዜ እንደሚነሣ ያያል፤ አንዱ ከኅብስቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከእራት በኋላ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተሰበሰበው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና በፋሲካ ማታ አራት ጽዋ እንደሚጠጣ ይደነግጋል፤ ሦስተኛው ከምግብ በኋላ በምስጋና የሚነሣው ነው። ጳውሎስ «የምንባርከው የበረከት ጽዋ» ሲል የሚያስታውሰን ያንን ነው። ማቴዎስም «መዝሙር ዘምረው ወጡ» ይላል። በፋሲካ ማታ የሚዘመሩት በግእዙ ዳዊት ከ112 እስከ 117 ያሉት መዝሙራት ናቸው። የእኛዋ ቤተ ክርስቲያንም ከቁርባን በኋላ የምትዘምረው የራሷ ዜማ አላት፤ የቅዱስ ያሬድ ዝማሬ። አምስት ክፍል ነው፦ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኮቴት፣ ምሥጢር። የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ፣ ማለት ተማሪው ጨርሶ የሚመሰከርለት ቦታ፣ ዙር አባ በደቡብ ጎንደር መሆኑ ለአካባቢያችን ትልቅ ክብር ነው። ከማዕዱ በኋላ የሚዘመረውን አገራችን እስካሁን ታስተምራለች፤ ማዕዱን የሚበላው ግን አንሷል።

በዚያች ሌሊት ምን ተለወጠ? በኦሪት በጉ ሌላ ነበር፣ የሚያቀርበው ሌላ፣ የሚድነውም ሌላ። ጌታ ኅብስቱን ይዞ «ይህ ሥጋዬ ነው» ሲል መሥዋዕቱም ሠዊውም ራሱ ሆነ። «የአዲስ ኪዳን ደሜ» ያለው ደግሞ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያመጣል። ሙሴ በደብረ ሲና ሥር ሕዝቡን የረጨበት የኪዳን ደም በዘፀአት 24 አለ፤ በኤርምያስ 31 የተነገረው አዲስ ኪዳንም አለ። ሙሴ ደሙን በሕዝቡ ላይ ረጨ፤ ጌታ ግን «ጠጡ» አለ። ደም መቅመስ በኦሪት ፈጽሞ የተከለከለ ነበርና ይህ ቃል ለሰሚው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ማሰብ ያሻል። በዮሐንስ ወንጌል 6 «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ባለ ጊዜ ከተከተሉት ብዙዎች ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ የአይሁድ ፋሲካ ቀርቦ እንደ ነበር ተጽፏል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ፋሲካ በቂጣ ከሆነ የእኛ ኅብስት ስለ ምን ይቦካል? ጥያቄው ትልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ሲለያዩ ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ሮማውያንና አርመኖች በቂጣ ይቀድሳሉ። እኛ፣ ግብፃውያንና ግሪኮች በቦካ እንቀድሳለን። በአንድ በኩል፣ በዮሐንስ ወንጌል ጌታ ለጲላጦስ ሲሰጥ ካህናቱ ገና ፋሲካን አልበሉም ነበር፤ እንዲህ ከሆነ የቂጣው ቀን ገና አልገባም ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ቦክቶ የተነሣው ሊጥ ሞቶ የተነሣውን ያስታውሳል ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ጳውሎስ «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአልና» ካለ በኋላ ልናስወግደው የሚገባን አሮጌ እርሾ ክፋትና ግፍ እንደ ሆነ ይናገራል። ሐሙስ ዕለት በየቤቱ የሚቀቀለው ጉልባን፣ የባቄላው ክክና ስንዴው፣ ከግብፅ በችኮላ የወጡትን የሚያስብ ምግብ ነው። ስንዴው ከባቄላው ቀድሞ ካልተዘፈዘፈ አብሮ አይበስልም፤ ይህንን እናቶች ያውቁታል። ጉልባን መታሰቢያ ነው፤ ቁርባንን አይተካም።

አሁን ወደ ቤተ ልሔም እንግባ። ምእመኑ ምን እንደሚዘጋጅለት ቢያውቅ ቆሞ ማየት የሚከብደው ይመስለናል።

ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለችው ትንሽ ቤት ናት። ስንዴው ይለቀማል፤ እንክርዳድ፣ ጠጠርና የተነቀዘ ፍሬ ይወጣለታል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። ንጹሕ ስንዴ ብቻ ነው፤ ገብስ ወይም ሌላ እህል አይገባበትም። ዲያቆኑ በእርሾ አቡክቶ እስኪነሣ ይጠብቃል። የጎንደር የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ብርድ ስለ ሆነ ሊጡ ይዘገያል፤ እንደ በጋው ሰዓት ቆጥሮ የሚነሣ ዲያቆን ያልተነሣ ሊጥ ይጋግራል፣ ኅብስቱም ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ከዚህ ተቃራኒው ደግሞ ሊጡ ከልክ በላይ ቆይቶ መኮምጠጡ ነው። ኅብስቱ ክብ ሆኖ ይጋገራል፣ መስቀል ይታተምበታል። የተሰነጠቀ፣ ያረረ፣ መስቀሉ የተበላሸ አይቀርብም፤ ነውር የሌለበት የተባለውን በግ የሚተካ ነውና ካህኑ አገላብጦ መርምሮ ይመርጣል። ኅብስቱ የዕለቱ መሆን አለበት፤ የትናንቱ አይሠዋበትም።

ወይኑ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ከግንጣዩና ከተበላሸው ፍሬ ተለይቶ ይታጠባል። ከሱቅ የሚገዛው ዘቢብ እንዳይጣበቅ ብዙ ጊዜ ዘይት ይቀባልና በደንብ ካልታጠበ ጽዋው ላይ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ለብ ባለ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስለቅቀዋል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ በእጅ ተፈትጎ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ውኃው ከበዛ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። በሙቀት ብዙ ከቆየ ይቦካል፣ ይቆመጥጣል። ስለዚህ ዘቢቡን ለዕለቱ ቅዳሴ በሚበቃ ልክ መዘፍዘፍ እንጂ ለሁለት ቀን ብሎ ማኖር አይገባም።

ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ በቃጭል፣ በመብራትና በጥላ ታጅቦ ወደ መቅደስ ይገባል። ጻሕል በተባለው ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ ወይኑ በጽዋው ይቀዳል፣ ማኅፈድ በተባለው ጨርቅ ይሸፈናል። ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ከ14ቱ ቅዳሴያት የዕለቱ ይመረጣል። ሥጋውን ካህኑ በእጁ ያቀብላል፣ ደሙን ዲያቆኑ ዕርፈ መስቀል በተባለው ማንኪያ። ከኅብስቱም ከጽዋውም ምንም ለነገ አይቀመጥም። ልዑካኑ ሁሉን ይቀበላሉ፣ ዕቃው ታጥቦ የታጠበበት ውኃ ይጠጣል። «እስከ ጠዋት አታስቀሩ» የተባለው የፋሲካ ሕግ በየዕለቱ በመቅደሳችን ሲፈጸም ይኖራል።

እናም በየወሩ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምታስገባ እናት፣ ባመጣችው ዘቢብ ከተቀዳው ጽዋ ሳትቀምስ ዓመት ስታሳልፍ ስናይ እናዝናለን። ስጦታዋ ተቀባይነት የለውም ማለታችን አይደለም። ማዕዱ የተሠራው ለእሷም ነው።

ብትጠየቅ «አይገባኝም» ትላለች። ወንዱም ወጣቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ከትሕትና የመጣ በመሆኑ እንወደዋለን። ነገር ግን የፋሲካ ሕግ ለዚሁ መልስ አለው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 9 አስከሬን ነክተው የረከሱ ሰዎች ወደ ሙሴ መጥተው ከበዓሉ ስለ ምን እንቀራለን ብለው ጠየቁ። እግዚአብሔር «ቅሩ» አላላቸውም፤ ዝም ብላችሁ ብሉም አላላቸውም። በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን እንዲያደርጉት ሌላ ቀን ሰጣቸው። ለረከሰውና መንገድ ለራቀበት አንድ ወር ተጨመረ። ንጹሕ ሆኖ፣ መንገድም ሳይሄድ ፋሲካን የተወ ሰው ግን ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ተባለ። እርኩሰት ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ንጉሡ ሕዝቅያስ በሁለተኛው ወር ፋሲካ ባደረገ ጊዜም ከኤፍሬምና ከምናሴ የመጡ ብዙዎች በሕጉ ሳይነጹ በሉ፤ ሕዝቅያስ ጸለየላቸው፣ እግዚአብሔርም ሰማው። በሁለተኛ ዜና መዋዕል 30 ይገኛል።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች «ሳይገባው» የሚበላ ዕዳ እንዳለበት ከጻፈ በኋላ ያዘዘው «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ብሎ ነው። ፈትኖ ከማዕዱ ይራቅ አላለም። እነዚያ ሰዎች የተወቀሱት አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሌላው እየተራበ በአንድ ማዕድ ስለ ተቀመጡ ነው። እዚህ ላይ የእኛን የፋሲካ ግብር የሚመለከት አለበት፤ በጉ የታረደበት ቤት ግድግዳው ከሚያዋስነው ድሃ ጋር ካልተካፈለ የዘፀአቱንም የጳውሎስንም ቃል ተላልፏል።

መዘጋጀት እንዴት ነው? የመጀመሪያው የነፍስ አባት ነው። በየቤቱ የነፍስ አባት አለ፤ ለማኅበርና ለበዓል ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ቀምሶ መርቆ ይሄዳል። ኑዛዜ ግን የለም። ኑዛዜ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚሰጠው ቀኖናም ጾም ይሁን ስግደት ወይም ምጽዋት የሚፈጸምበት ቀናት ይሻል። ስሕተቱ የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙ ሰው በሰሙነ ሕማማት ልቡ ሲነካ ያን ጊዜ ወደ ካህን ይሮጣል፤ በዚያ ሳምንት ግን ካህናት መስቀል አያሳልሙም፣ ንስሐም አይሰጥም። ከሆሣዕና በፊት ያላለቀ ነገር ከትንሣኤ በፊት አያልቅም። የኦሪቱ በግ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ እንደ ተዘጋጀ ሁሉ የሚበላውም ቀድሞ ይዘጋጅ። መጻጉዕ፣ የጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ ሳይደርስ ቢናዘዙ፣ ቀኖናውን በደብረ ዘይት፣ በገብር ኄርና በኒቆዲሞስ ሳምንታት ቢፈጽሙ ሐሙስም ሆነ የትንሣኤ ሌሊት መቁረብ ይቻላል።

ሁለተኛው የ18 ሰዓት ጾም ነው። ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ይደነግጣል፣ አቆጣጠሩን ግን አይሠራውም። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ የሚቆርብ ሰው ወደ ኋላ ሲቆጥር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም አይቀምስም ማለት ነው። በጾም ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት የሚቆርብ ሰው ደግሞ ከዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት በፊት እራቱን ይጨርሳል። ጠዋት ጥርስ ሲቦረሽ ውኃ መዋጥ፣ ሳያስቡ ማስቲካ አፍ ውስጥ ማድረግ ጾሙን የሚያፈርሱ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሕመምተኛ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ለነፍስ አባቱ አስቀድሞ ይንገር።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ስለ አክፍሎት የምንለው አለን። ዓርብ ከስግደት መልስ ጥቂት ቀምሶ እስከ እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት የሚያከፍል ሰው ከ30 ሰዓት በላይ ጾሟል። ከሐሙስ የሚያከፍል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ሰው ለቁርባን ከሚፈለገው ጾም እጥፍ ያህሉን ጨርሶ፣ ስግደቱን ሰግዶ፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አድሮ፣ ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ዘወር ብሎ ወደ ዶሮ ወጥ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው። የቀረው ኑዛዜው ብቻ ነበር።

በዕለቱ ገላን ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ ከቅዳሴው መጀመሪያ ጀምሮ መገኘት ያስፈልጋል፤ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ደርሶ መቁረብ የለም። ወር አበባ ላይ ያለች፣ ደም የሚፈስሰው ቁስል ያለው፣ ሌሊት ሕልም የመታው ለሌላ ቀን ይቆያል፤ ኃጢአተኛ ስለ ሆነ አይደለም፣ የሁለተኛው ወር ሕግ ስላለለት እንጂ። ካህናትና ዲያቆናት ከተቀበሉ በኋላ ሕፃናት፣ ቀጥሎ ወንዶች፣ ከዚያ ሴቶች ይቀርባሉ። ሕፃን ያቀፈች እናት በር ላይ ጡት አጥብታ ወዲያው ባታቀርበው ይሻላል፤ የጠገበ ሕፃን ያስመልሳል። ካህኑ «አአምን አአምን አአምን» ሲል በልብ አብሮ ማለት፣ ተቀብሎ አፍን በነጠላ መሸፈን፣ ቅዳሴ ጠበል መጠጣት፣ «እትዉ በሰላም» ሳይባል አለመውጣት። በዚያ ቀን አይሰገድም፣ ምራቅ አይተፋም፣ ከባድ ሥራ አይሠራም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም። ባጃጅ የሚነዳ ወይም ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ዕረፍቱን አስቀድሞ ቢያስተካክል ከመቸገር ይድናል።

ባልና ሚስትን በተመለከተ አንድ ፍርሃት አለ። በሰማንያ የተጋቡ ብዙዎች «እኛ የቁርባን ጋብቻ የለንም» ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ርቀው ይኖራሉ። መንገዱ ግን ክፍት ነው፤ ሁለቱም አብረው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ንስሐ ይገባሉ፣ ጸሎቱ ይደርስላቸዋል፣ አብረው ይቆርባሉ፣ ጋብቻቸውም በዚያው ይጸናል። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ቁርባን ግን በንስሐ ለሚመጣ ሁሉ ነው። አንዱ ፈቅዶ ሌላው እምቢ ካለ ቤቱ እንዳይታወክ ካህኑ በትዕግሥት ያነጋግር እንጂ ፈቃደኛውን ተስፋ አያስቆርጥ። ወጣቱ ደግሞ «ከቆረብኩ በኋላ ብወድቅስ?» ይላል። ቢወድቅ ተነሥቶ ንስሐ ይገባል፤ ሕፃን ሳለ የቆረበ ነው፣ አሁን እንደ አዲስ የሚጀምረው ነገር የለም። «ቆራቢ» የሚል ስም ለአረጋውያን ብቻ የተሰጠ ማዕረግ ሆኖ መቆጠሩም ይቅር።

ከአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደሮች የምንለምነው ብዙ አይደለም። በዐቢይ ጾም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየደብሩ የታወቀ ቀንና ሰዓት ይመደብና ካህናት ለኑዛዜ ብቻ ይቀመጡ፤ ከሥራ መልስ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሆን ሠራተኛው ይደርስበታል። የቅዳሴው መግቢያና መውጫ ሰዓት በቅጽሩ በር ላይ ይለጠፍ፣ ሰው 18 ሰዓቱን ይቁጠርበት። በሰንበት ትምህርት ቤቶች ዘፀአት 12 እና ዘኍልቍ 9 ከሉቃስ 22 ጋር አብረው ይነበቡ። ልጆች «ይህ ሥርዓት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱ ያዘዘው ራሱ የፋሲካው ሕግ ነው፤ መልስ የሚሰጠው አባት ደግሞ አብሮ የቆረበ ቢሆን ትምህርቱ ይጸናል።

ለእናንተም አንድ ልመና አለን። ይህን ደብዳቤ የምታወጡት ከሆነ በዘወረደ ወይም በቅድስት ሰሞን ይሁን። ከሆሣዕና በኋላ ቢወጣ አንባቢው ለዚህ ዓመት ፋሲካ ንስሐ የሚገባበት ቀን አይኖረውም።

ከአክብሮት ጋር፤
በአብነት ጉባኤና በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር
ጎንደር